ሙዝ በሰኔ ጾም

ልጄ ስድስት ወር የሞላት ሰኔ ላይ ነበር። እንጅባራ ላይ ሰኔ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል፤ የታጠበ ጨርቅ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ እርጥቡን ይገባል፣ ሰው ጋቢውን ከትከሻው አያወርድም፣ ምድጃ ላይ ከእሳቱ ጭሱ ይበልጣል። እኔ ደግሞ በዚያ ብርድ መካከል የቆላ ፍሬ ፍለጋ ላይ ነበርኩ፤ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቤም አላለፈም።

ምክንያቴ አንድ ነበር። በዲፕሎማ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዲግሪዬን ባሕር ዳር በክረምት ትምህርት ጀምሬ፣ ያለፈውን ክረምት በእርግዝናው ማቅለሽለሽ የተነሣ ቀርቻለሁ። ሁለት ክረምት በተከታታይ የቀረ ይሰረዛል ተብሎ ቁርጡ ተነግሮናል። ትምህርቱ ሐምሌ መባቻ ላይ ይጀምራል፣ ሁለት ወር ይፈጃል፣ የተማሪዎቹ ማደሪያ ሕፃን አያስገባም። ልጄ ጡጦ ትወስዳለች፤ እኔ ክፍል ስገባ የቆርቆሮ ወተት እየጠጣች ነው ያደገችው፣ በሱ አልሰጋም። ግን ስድስት ወር ያለፋት ልጅ በጡጦ ብቻ ሁለት ወር አትከርምም። በማንኪያ መብላት ከለመደች እሄዳለሁ። ካልለመደች እቀራለሁ። ከቀረሁ ደግሞ ያ በር ተዘጋ ማለት ነው።

ክረምቱን ልጂቱን ሊይዙልኝ የሚመጡት አማቴ ነበሩ። አገራቸው ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ያለች የገብስና የድንች አገር ናት፤ መኪና መንገዱ ድረስ በእግር ይወርዱና ከዚያ ሚኒባስ ይይዛሉ። አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው፤ አማርኛውንም ያውቁታል፣ ግን እንግዳ ፊት እንደሚቀርብ ዕቃ ጠንቀቅ ብለው ነው የሚያወጡት። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ከአማርኛ ሌላ አላውቅም። ባለቤቴ የእንጅባራ ሰው ሆኖ ሥራው ዳንግላ፣ እኔ የዳንግላ ሰው ሆኜ ሥራዬ እንጅባራ። አገር ተለዋወጥን እያልን እንስቅ ነበር። እሱ ዓርብ ማታ መጥቶ እሑድ ማታ ይመለሳል፤ ሳምንቱን እኔና አማቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር ፊት ለፊት በተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነን።

እኔና አማቴ ክፉ ደግ ተነጋግረን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር ግን ስንተያይ እንጠነቃቀቅ ነበር። ልጄ እንደተወለደች ቅቤ ላስልሳት ሲሉ እኔ እምቢ ብያለሁ። እሳቸውም እምቢታዬን ሰምተው ቅቤውን በዝምታ ወደ ቅሉ መልሰውታል። ያ ዝምታ ስድስት ወር ሙሉ አብሮን ኖሯል።

ሰኔ ላይ ሲመጡ አንድ ቁና በሶ፣ ድንች፣ እና በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ የእንጨት ሙቀጫ ይዘው መጡ።

የሙቀጫዋን ነገር ለማስረዳት የጾሙን ነገር ማስረዳት አለብኝ። የሰኔ ጾም የቄስ ጾም ነው ይላል ብዙ ሰው፤ ለአማቴ ግን የቄስ የገበሬ የሚባል ጾም የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም። እኔ የማጠባ ሴት ነኝ፤ ጹሚ ያለኝ የለም፣ እሳቸውም አላሉኝም። ግን አማት ባዶ ሆዳቸውን ተቀምጠው እያዩ ምራት በጠዋት እንጀራ ስትጎርስ እንዴት ይሆናል? ይሉኝታ ይዞኝ ጾምኩ። በስድስት ሰዓት ዓይኔ ይጨልማል፣ ግድግዳ እደገፋለሁ። ባለቤቴ ይባስ፤ ሳምንቱን ዳንግላ እንደ ልቡ በልቶ ዓርብ ማታ ፊቱን አጥቁሮ ጾመኛ ሆኖ ይገባል። እናቱ «ልጄን ጾሙ ጎዳው» ሲሉ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ መጣች፤ በየቤቱ እየዞረች ስለ እናትና ሕፃን የምታስተምር፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ፣ ድምፅዋ ለስላሳ። ሥዕል ያለበትን ወረቀት ዘርግታ «ስድስት ወር ሞልቷታል፣ ምግብ ትጀምር» አለች። ገንፎዋ ላይ ቅቤ ጣል ይደረግ፣ እንቁላል ይፈርፈርላት፣ ፍራፍሬ ተፈጭቶ ይሰጣት፤ ወፈር ይበል፣ ከማንኪያ ላይ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል ማለት ነው። አማቴ አንገታቸውን እየነቀነቁ በአክብሮት ሰሙ። የጤና ልጅቱ እንደወጣች ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ሐምሌ አምስት ጾሙ ይፈታል። እንቁላሉም ያን ጊዜ ይደርሳል። ዶሮዋ የትም አትሄድ።»

«እማማ፣ ሕፃን እኮ ጾም የለባትም።»

«የለባትም። ግና አፍ የሚሟሸው አንድ ጊዜ ነው። የቆረበች ልጅ ናት። አፏን በጾም ቀን በፍስክ አናሟሽም።»

ሐምሌ አምስትን ብጠብቅ ባሕር ዳር ቀረ ማለት ነው። ተከራክረን ተከራክረን ፍራፍሬው ላይ ተስማማን፤ ፍሬ ጾም ነው። «ፍሬ እኮ የወፍ ነው» ብለው አጉረመረሙ እንጂ አልከለከሉኝም። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ያዙ፤ የቤታችን ሳህንና ጎድጓዳ ሁሉ ቅቤና ወተት የነካው ነው፣ ስለዚህ የልጂቱ ምግብ የሚዘጋጀው በእሳቸው ሙቀጫ ነው። ቅቤ የሚባል ነገር ነክቷት የማታውቅ፣ ለጾም ብቻ የተቀመጠች ሙቀጫ። እኔም ለሙቀጫ ብዬ አልጣላም ብዬ እሺ አልኩ።

ባለቤቴ ያን ሳምንት ለገበያው ብሎ ዓርብ ቀርቶ ቅዳሜ ከዳንግላ ሙዝ ይዞ መጣ። ከገበያው በጋሪ ጭኖት፣ በሚኒባስ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦት፣ አንዱም ሳይጠቁር አደረሰው። አማቴ እጃቸውን ታጥበው፣ ልጠው፣ በትንሿ ዘነዘና ደቆሱት፤ የፈላ ውሃ ጠብ አደረጉበትና አሹት። ቢጫማ፣ ለስላሳ፣ ከማንኪያ የማይፈስ ሆነ። ልጄን እኔ ታቀፍኳት። ማንኪያው ሲመጣ አፏን ከፈተች፣ ተቀበለች፣ አንድ አፍታ አላመጠችው። ከዚያ ፊቷ ሁሉ ተጨማደደ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ተፋችው። ሦስታችንም ሳቅን። ሕፃን መጀመሪያ ይተፋል፣ ደጋግሙ ብላናለች የጤና ልጅቱ።

ደጋገምን። እሑድ ተፋች፣ ሰኞ ተፋች። ማክሰኞ ማንጎ ሞከርን፤ ያ ከጫግኒ በኩል የሚመጣው ቃጫማ ማንጎ፤ ቃጫውን በንጹሕ ሻሽ አጥልዬ ሙቀጫው ውስጥ ጨመርኩት። ማንኪያው አፏ ሳይደርስ ዘወር አለች። ፓፓያ። አቮካዶ። ሁሉንም አንድ ዓይነት አደረገቻቸው። ከሳምንት በኋላማ ማንኪያ ስታይ ጀርባዋን እንደ ቀስት ለጥጣ ትጮህ ጀመር። ጡጦዋን ስሰጣት ግን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ፣ እየሳቀች ትጠጣለች።

የሰው ሁሉ ሐሳብ መጣ። ጥርስ ልታወጣ ነው። ዓይን በልቷት ነው። የሰኔ ብርድ ሆዷን ይዟት ነው። አማቴ አስበው አስበው «የጡትሽ ሽታ ነው» አሉ። «አንቺ አጠገቧ ሁነሽ ለምን ማንኪያ ትወዳለች? ውጪ ሁኚ።» እውነት ሊሆን ይችላል፤ ወጣሁ። በየቀኑ ረፋድ ላይ፣ ጃንጥላዬን ይዤ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ስር እቆማለሁ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ግቢው ውስጥ ከዘበኛው በቀር ሰው የለም፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። በዝናቡ ውስጥ የልጄን ጩኸት እለያለሁ። ዘበኛው «መምህርት፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?» ሲለኝ የምመልሰው ቸግሮኝ «ኔትወርክ ፍለጋ» አልኩት። ስልኬን ቤት ትቼው ነበር።

ዛሬ ያን አጥር ሳልፈው ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል? ልጅ የሆንኩበት ጊዜ መስሎ ነው የሚታየኝ፤ ልጅ ግን አልነበርኩም፣ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበርኩ፣ እግሬ በስብሶ፣ ሆዴ ባዶ፣ ጡቴ ጩኸቱን በሰማ ቁጥር እየፈሰሰ ቀሚሴን የሚያረጥበው። እንዲያም ሆኖ ይናፍቀኛል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ባለቤቴና እናቱ ምድጃ ዳር ተቀምጠው በአገውኛ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ቋንቋውን አላውቅም፤ ሦስት ዓመት ኖሬ ግን ድምፁን አውቃለሁ፤ እሳቸው እየለመኑ፣ እሱ እምቢ እያለ ነው። መካከል ላይ «ባሕር ዳር» የሚል ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ማታ ላይ ባለቤቴ ጎኔ ተቀመጠና ጣቱን እያፍተለተለ «ምናልባት ለዓመቱ ብትሄጂ…» አለ።

«ለዓመቱማ ስሜ የለም» አልኩት።

በሆዴ ግን ፈረድኩ። አማቴ እንድሄድ አይፈልጉም። ልጅ ጥላ የምትሄድ ምራት አላማራቸውም። ማን ያውቃል፣ እኔን ውጪ አቁመው ልጄን እንዴት እንደሚያጎርሷት? ይህን ማሰቤ ያሳፍረኛል፣ ግን አስቤዋለሁ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባል የለ? እኔ ሁለት እሳት ነበረብኝ፤ አንዱ ልጄ፣ አንዱ የእሷ አያት።

ልሄድ ስድስት ቀን ሲቀረኝ፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ውጪ ሁኚ ሲሉኝ አልወጣም አልኩ። አማቴ አዩኝና ወደ ሙቀጫቸው ተመለሱ። አቮካዶውን ወቅጠው ማንኪያውን ሲያነሡ ልጄ ገና ከሩቅ ስታየው ጮኸች። ያን ጊዜ «ምን አለበት ይሄ ነገር!» ብዬ ጣቴን ሙቀጫው ውስጥ ነክሬ ላስኩት።

«ጾምሽን!» ብለው እጄን ሊይዙ ተንጠራሩ፤ ግን ዘግይተዋል።

መጀመሪያ አቮካዶ ነው። ለስላሳ፣ ይህ ነው የሚባል ጣዕም የሌለው። ቀጥሎ ምላሴ ሥር አንድ ነገር ጫር አደረገኝ፤ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ አፍንጫዬ ወጣ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ሰናፍጭ!» አልኩ።

«የት?»

«እዚህ ውስጥ ነዋ!»

«አይዶለም። በአመድ አሽቼ፣ በፈላ ውሃ ሦስቴ አጥቤያታለሁ። ደረቋን አሽትቻታለሁ፤ ምንም የላት።»

«እሺ፣ አሁን ያሽትቱት።»

አፍንጫቸውን አቀረቡ። «እኔ ይሄ ፍሬ እንዲህ ይሸት እንደሁ ምን አውቄ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አቮካዶ በዕድሜያቸው በልተው አያውቁም፤ ማንጎም፣ ፓፓያም። ምን ምን ማለት እንዳለበት የማያውቁትን ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያዘጋጁ የከረሙ ናቸው።

«እንግዲያው ይቅመሱት።»

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን?»

«ይቅመሱት እማማ፣ ልጅ ናት!»

«ዘጠኝ ሰዓት እቀምሳለሁ።»

«እሺ፣ ዘጠኝ ሰዓት» አልኩ። ሙቀጫውን መካከላችን አስቀምጬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

አራት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እንደዚያ ያለ አራት ሰዓት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ልጄ ጡጦዋን ጠጥታ ተኛች። እሳቸው እንዝርታቸውን አንሥተው ፈተሉ፤ እኔ ምስር ለቀምኩ፤ የለቀምኩትን ደግሞ መልሼ ለቀምኩ። ማንም ሙቀጫውን አልነካም። አቮካዶው መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጠቆረ፣ ቀጥሎ መላው ቡናማ ሆነ፤ ዝንብ መጣች፣ ሁለታችንም እኩል እጃችንን ሰንዝረን አባረርናት። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ማንም አልሳቀም።

ጾሜ እንደሆነ ፈርሷል፤ ግን እሳቸው ሳይበሉ እኔም አልበላሁም። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ዘጠኝ ሲሆን እጃቸውን ታጠቡ። አማተቡ፣ አባታችን ሆይ አደረሱ፤ ሳይቸኩሉ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ። ከዚያ እንጀራቸውን ትተው፣ ያን የጠቆረ አቮካዶ በጣታቸው ጫፍ አንሥተው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ሁለተኛ አነሡ። እንባቸው ሞላ፤ መጀመሪያ ከሰናፍጩ መስሎኝ ነበር።

«የዐቢይ ጾምን ሙሉ ሰናፍጭ የወቀጥኩባት ናት» አሉ። «እንጨቱ ጠጥቶት ነው። የልጄን ልጅ ሁለት ሳምንት ሰናፍጭ አበላኋት።»

ነገሩ ከዚያ በኋላ ግልጽ ነበር። ደረቅ ሰናፍጭ ዝም ያለ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ነው የሚነሣው፤ ይህን ሰናፍጭ የወቀጠች ሴት ሁሉ ታውቃለች፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። እንዲያውም ሰባተኛ ክፍል ስለ ምላስ ሥዕል ሥዬ አስተምራለሁ። ግን ሁለት ጾመኛ ሴቶች ተፋጥጠን፣ ለሕፃን የምንሰጠውን ነገር አንድ ቀን እንኳ በምላሳችን አልነካነውም። የበላችው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ በተቻላት ቋንቋ ሁሉ ነግራናለች።

ረትቻለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ሳላስበው «እኔ እኮ እንዳልሄድ የፈለጉ መስሎኝ ነበር» አልኳቸው። ቅዳሜ ከልጃቸው ጋር ያወሩትንም፣ «ባሕር ዳር» ሲሉ መስማቴንም ነገርኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አብሬያት ልሂድ እያልኩት ነበር» አሉ። «ከደጃፉ ተቀምጬ ልጂቱን እይዝላታለሁ፣ ስትወጣ ታጠባታለች አልኩት። የት ታድሪያለሽ፣ በክረምት ዝናብ አለኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የልጄ ሚስት አስተማሪ ናት ሲባል አገር ቤት ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄድ። አንቺን ምን ብዬ አስቀርሻለሁ?»

እኔም አለቀስኩ። ስናለቅስ ልጄ ነቃች፤ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ጥቁር አቮካዶ ከበው ሲያለቅሱ አይታ እሷም ተቀላቀለችን።

ከማግስቱ ጀምሮ ሙቀጫዋ በጨርቋ ተጠቅልላ ቀረች። የቤቱን የቆርቆሮ ሳህን በፈላ ውሃ ዘፍዝፈን አጠብናት፤ ሙዝ በሹካ ስደቁስ ቅቤ ነክቷታል አልነካትም ያለ የለም። አማቴ ግን ማንኪያውን ይዘው ቆሙ።

«እጄን ከእንግዲህ አላምነው። አንቺ ካልቀመስሽ አላጎርሳትም።»

የኔ ጾም እንደሆነ አንዴ ፈርሷል። እኔ ቀማሽ፣ እሳቸው አጉራሽ ሆንን። የመጀመሪያውን ቀን ልጄ አላመነችንም፤ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ሳህኑን በጎሪጥ አየችው። በሁለተኛው ቀን አማቴ ከሙዙ ጥቂት ከንፈሯ ላይ ቀቡና ዞር አሉ። ምላሷን አወጣች። ላሰችው። ቆየች። እንደገና ላሰች። ከዚያ አፏን ከፈተች፤ እንደ ወፍ ጫጩት፣ ጉሮሮዋ እስኪታይ። አማቴ በአገውኛ አንድ ነገር ብለው አጎረሷት፤ ምን እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም። ያን ሙዝ አሟጠጠችው። ሳህኑን ስናነሣባት ጮኸች፤ ያን ጩኸት እንደ እልልታ ነው የሰማሁት።

እሑድ ጠዋት ሄድኩ። ልጄ በአያቷ ክንድ ላይ ሆና፣ አገጯ ላይ ማንጎ ደርቆ፣ ወደ ሚኒባሱ ሳይሆን ወደ አንድ የጋሪ ፈረስ ስታይ ነው የተለየኋት። እንድታየኝ ፈልጌ ነበር። እንዳታየኝም ፈልጌ ነበር።

ባሕር ዳር ሙቀቱ፣ ፈተናው፣ ስምንት ሴቶች የታጨቁበት ክፍል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወተቴን መታጠቢያ ቤት እየገባሁ አልቤ እደፋ ነበር፤ ሌሎቹም እናቶች እንዲሁ፤ ማንም ስለሱ አያወራም። ቀን በቀን አነሰ፣ አንድ ጠዋት ጨርሶ የለም። በየማታው እደውላለሁ። አማቴ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ይጮኻሉ።

«በላች?»

«በላች!»

«ምን?»

«ማንጎው አለቀ። ሙዝ ነው፣ ድንችም ጨመርንላት። ጾሙ ሲፈታ እንቁላሏንም በልታለች። አንቺ ተማሪ!»

ፍልሰታ ሲገባም ያው ነው፤ በላች፣ ተማሪ። ከዚያ በላይ ነግረውኝ አያውቁም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ተመለስኩ። ልጄ ተቀምጣለች፤ ያለ ድጋፍ፣ ቀጥ ብላ፣ ጉንጯ ሞልቶ። እጄን ስዘረጋላት አየችኝ፤ ፊቷን አዙራ የአያቷ ነጠላ ውስጥ ተሸጎጠች። አማቴ አፈሩ፤ «እናትሽ እኮ ናት፣ ምን ሁነሽ ነው» እያሉ በግድ ሊሰጡኝ ሞከሩ። ይተዋት አልኩ። የፈለግሁት ይኸው ነበር አይደል፣ ያለ እኔ እንድትበላ? ጓዳ ገብቼ ሻንጣዬን እየፈታሁ አለቀስኩ።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ጠዋት እኔ ላብላት ብዬ ማንኪያውን ያዝኩ፤ አፏን ገጠመችብኝ። ለአማቴ ሰጠኋቸው። ሙዙን በሹካ ደቆሱ፣ በማንኪያ ጫፍ አነሡና ወደ ራሳቸው አፍ ወሰዱት። ምላሳቸው ላይ ጥቂት አቆዩት፣ ዋጡት። ከዚያ ልጄን አጎረሷት። እጃቸው የለመደው ሥራ እንደሆነ ያስታውቃል።

«እማማ፣ ረቡዕ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ገና ሁለት ሰዓት ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

አንድ ነገር ገባኝ። «ፍልሰታንም እንዲህ ነው የከረሙት?»

ማንኪያውን እየሞሉ «ፍልሰታንም» አሉ።

አማቴ ባለቤታቸው ከሞቱበት ዓመት ወዲህ ፍልሰታን ሳይቆርቡ አሳልፈው አያውቁም። ክረምቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያንን ነው፤ ለዚያ ቀን የሚለብሱት ነጭ ቀሚስ እንኳ ለብቻው ተቀምጦ ነው የሚከርመው። ቀምሶ ደግሞ ቁርባን የለም።

«እንግዲያው ዘንድሮ አልቆረቡም?»

ልጄ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

«አንቺ ሄደሽ» አሉ፣ ሊያስረዱኝ እንደቸገራቸው ሁሉ፤ «ማን ይቅመስላት?» ቀጣዩንም ጉርሻ መጀመሪያ ወደ ራሳቸው አፍ ወሰዱት።